የልብስ ጥበብና የባለሙያው ስም

በአማርኛችን «ጥበብ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ዕውቀትና ብልኃት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሸማኔው በነጭ ሸማ ጠርዝ ላይ በልዩ ልዩ ቀለም ክር የሚሠራው ጌጥ ነው። አንድ ቃል ለሁለቱ መዋሉ በልብስ ላይ የሚታየው ውበት ከአእምሮ የሚመነጭ መሆኑን ያስታውሰናል ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሥራውን «ጥበብ» ብሎ ያከበረው አንደበት ሠሪውን በንቀት ስም ሲጠራው ኖሯል። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» እየተባለ ይሰደብ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ባወጡት ዐዋጅ ሰውን በእጅ ሥራው መስደብን የከለከሉት ይህ ክፉ ልማድ አገሪቱን ጥበበኛ የሚያሳጣት መሆኑን ስለ ተረዱት ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልብስን ማሰብ፣ መቍረጥና መስፋት እንዴት አድርጎ ሰው የሚተዳደርበትና ስሙ የሚጠራበት ሙያ ለመሆን እንደ በቃ ከታሪክ ማሳየት ነው። ለዚህም ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የተወለዱ አራት ሰዎችን መርጬአለሁ። የእነርሱን ታሪክ ስናገር የምጠቅሳቸው ዓመቶች በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ከ1850 በፊት በኤውሮፓ አንዲት ባለጸጋ ሴት ቀሚስ ማሠራት ስትፈልግ በመጀመሪያ ወደ ነጋዴ ሄዳ ጨርቁን ትገዛ ነበር። ከዚያም ጨርቁን ወደ ልብስ ሰፊ ወስዳ እንዲህና እንዲህ አድርገሽ ስፊልኝ ብላ ታዛለች። ልብስ ሰፊዋ እጅ እንጂ ሐሳብ እንዲኖራት አይጠበቅባትም፤ ስሟንም ከደንበኞቿ በቀር የሚያውቀው የለም። ይህን ሥርዓት የለወጠው ቻርልስ ፍሬድሪክ ዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ ነው።

ዎርዝ በ1825 በእንግሊዝ አገር በሊንከንሽር አውራጃ በቦርን ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው ነበረ። ነገር ግን ሀብቱ ጠፍቶ ቤተ ሰቡ ስለ ተቸገረ ልጁ ገና በ11 ዓመቱ ገደማ ትምህርቱን ትቶ ሥራ መያዝ ግድ ሆነበት። መጀመሪያ ማተሚያ ቤት ገባ፤ ያን ስላልወደደው ወደ ሎንዶን ሄደና ስዋን ኤንድ ኤድጋር በተባለው የጨርቅ መደብር ተለማማጅ ሆነ። በዚያ ለብዙ ዓመት የጨርቅን ዐይነት በእጁ ዳስሶ መለየትን፣ የደንበኛን ጠባይ ማወቅን፣ ሒሳብ መያዝንም ተማረ። ከሥራ ሰዓት ውጭ በከተማው የሥዕል ቤተ መዘክር እየገባ በጥንት ሥዕሎች ላይ የተሣሉትን ነገሥታትና እመቤቶች አለባበስ ይመለከት እንደ ነበረ ይነገራል። እንግዲህ ይህ ሰው የተማረበት የልብስ ትምህርት ቤት ሁለት ነበረ ማለት ነው፤ አንዱ የሱቁ ጠረጴዛ፣ ሁለተኛው የሥዕሉ ግድግዳ።

ዕድሜው 20 ዓመት ገደማ ሲሆን ጥቂት ገንዘብ ይዞ፣ ፈረንሳይኛ ሳያውቅ፣ ወደ ፓሪስ ተሻገረ። ቋንቋውን ከተማረ በኋላ ጋዠሌን በተባለው ትልቅ የሐርና የሻል መደብር ተቀጠረ። በመደብሩ ሻሉን ለብሳ ለደንበኞች የምታሳይ ማሪ ቬርኔ የምትባል ሠራተኛ ነበረች፤ ኋላም ሚስቱ ሆናለች። ዎርዝ ሻሉ ደምቆ እንዲታይ ብሎ ለማሪ ጌጥ ያልበዛበት ቀሚስ ሰፋላት። ደንበኞቹ ግን ሻሉን ትተው ስለ ቀሚሱ መጠየቅ ጀመሩ። ባለቤቶቹም ብዙ ካመነቱ በኋላ የቀሚስ ክፍል እንዲከፍት ፈቀዱለት። በ1851 በሎንዶን፣ በ1855 ደግሞ በፓሪስ በተደረጉት ታላላቅ የዓለም ኤግዚቢሲዮኖች የመደብሩ ልብሶች ሽልማት አገኙ። ሽልማቱ ግን የተሰጠው ለመደብሩ ነው። የዎርዝ ስም አልተጠራም።

በ1858 ዎርዝ ኦቶ ቦበርግ ከሚባል የስዊድን ሰው ጋራ ማኅበር ገብቶ በፓሪስ በሩ ደ ላ ፔ መንገድ በቍጥር 7 የራሱን ቤት ከፈተ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሚስቱ የንድፎቹን ደብተር ይዛ በፓሪስ የኦስትሪያ አምባሳደር ሚስት ወደ ነበሩት ወደ ልዕልት ፓውሊነ ፎን ሜተርኒኽ ዘንድ ሄደች። ልዕልቲቱ በመጀመሪያ የእንግሊዝ ሰው የሴት ልብስ ይሠራል ሲባሉ ተገረሙ፤ ንድፉን ካዩ በኋላ ግን እያንዳንዱ በ300 ፍራንክ ሁለት ቀሚስ አዘዙ። ከእነዚህ አንዱን ለብሰው ወደ ቤተ መንግሥት ግብዣ ሲሄዱ የንጉሠ ነገሥት ናፖሌዎን 3ኛ ባለቤት እቴጌ ኤውዤኒ ዐይተው ማን እንደ ሠራው ጠየቁ። በማግስቱ ዎርዝ ተጠራ። ልዕልቲቱ ከዚያ ቀን ወዲያ በ300 ፍራንክ ቀሚስ አግኝተው እንደማያውቁ በኋላ ጽፈዋል።

ዎርዝ ያደረገው ለውጥ ምን ነበረ? በመጀመሪያ ጨርቁንና ስፌቱን በአንድ ቤት አጣምሮ በአንድ ሒሳብ ሸጠ። ሁለተኛም ደንበኛዋ እስክታዝ ሳይጠብቅ በየወቅቱ ልዩ ልዩ ናሙና አዘጋጅቶ በሴቶች ላይ አልብሶ አሳየ፤ ደንበኛዋም ከቀረበላት ትመርጣለች፤ የመረጠችውም በልኳ ይሰፋላታል። ሦስተኛም ሠዓሊ በሥዕሉ ላይ እንደሚፈርም በልብሱ ውስጥ ስሙ ያለበትን ጨርቅ ሰፋ። በዚህ ጊዜ ልብስ ሰፊው ታዛዥ መሆኑ ቀርቶ ሐሳብ አቅራቢ ሆነ። ይህ ነገር ብዙ ሰዎችን አስቈጥቷል፤ ወንድ ልጅ የሴት ልክ ሲወስድ እንደ ነውር የቈጠሩትም ነበሩ።

በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ተነሥቶ ናፖሌዎን 3ኛ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ እቴጌይቱም ተሰደዱ። የዎርዝ ቤት ተዘጋ፤ ቦበርግም ማኅበሩን ትቶ ሄደ። ባለሙያው በአንድ ጌታ ጥላ ሥር ብቻ የሚኖር ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚህ ባበቃ ነበር። ነገር ግን በቀሚሱ ውስጥ የተሰፋው ስም ከቤተ መንግሥቱ ርቆ ሄዶ ስለ ነበረ ቤቱ በ1871 በዎርዝ ስም ብቻ እንደገና ሲከፈት ከአሜሪካና ከሌላም አገር ባለጸጎች ይጐርፉ ጀመር። ዎርዝ በ1895 ሲሞት ሁለቱ ልጆቹ ሥራውን ቀጠሉ። ከዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። በዚያ ቤት ከ1,000 የሚበልጡ ሠራተኞች ነበሩ፤ አብዛኞቹም መርፌ የሚይዙ ሴቶች ናቸው። የእነርሱ ስም በማንኛውም ቀሚስ ላይ አልተሰፋም።

አሁን ደግሞ ወደ አሜሪካ እንሻገር። በአንድ ዘመን የተወለዱና በአንድ ዓመት የሞቱ ሁለት ሴቶች ታሪክ ይህን የስም ጕዳይ ከሁሉ ይልቅ ያብራራል። አንደኛይቱ ኤዲት ሄድ ትባላለች፤ በ1897 በካሊፎርኒያ ተወለደች። ሁለተኛይቱ አን ሎው ትባላለች፤ በ1898 ገደማ በአላባማ ክፍለ ሀገር በክሌይተን ከተማ ተወለደች።

ኤዲት ሄድ በዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ተምራ በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት የፈረንሳይኛ አስተማሪ ነበረች። ሥዕል እንድታስተምር በተፈለገ ጊዜ ማታ ማታ የሥዕል ትምህርት ጀመረች። በ1923 ገደማ ፓራማውንት የተባለው የፊልም ድርጅት ነዳፊ ሲፈልግ አብረዋት የሚማሩትን ልጆች ሥዕል ሰብስባ እንደ ራሷ አድርጋ አቅርባ ተቀጠረች። ይህን ራሷ በኋላ ተናግራዋለች። አገባቧ የሚመሰገን አይደለም፤ የባልንጀሮቿን ሥራ በስሟ አድርጋለችና። ነገር ግን በዚያ ሥራ ያቆያት የተዋሰችው ሥዕል ሳይሆን ከገባች በኋላ ያለ መታከት የተማረችው ነው። በ1938 የድርጅቱ የልብስ ክፍል ኀላፊ ሆነች።

የፊልም ልብስ ከጌጥ ልብስ የተለየ ነው። የጌጥ ልብስ ለባሿን ውብ ማድረግ አለበት፤ የፊልም ልብስ ግን ባለታሪኩን እውነተኛ ማድረግ አለበት። ደኻዋ ደኻ፣ ባልቴቷ ባልቴት መስላ መታየት አለባት። ስለዚህ ነዳፊው በመጀመሪያ የሚያነበው ድርሰቱን ነው፤ ቀጥሎ ዘመኑን ያጠናል፤ ከዚያ በኋላ ነው መቀስ የሚያነሣው። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ይህን ሥራ እንደ ጥበብ ቈጥሮ ለልብስ ነዳፊዎች ኦስካር የተባለውን ሽልማት መስጠት የጀመረው በ1949 ነው። ኤዲት ሄድ በዕድሜዋ 8 ጊዜ ተሸለመች፤ 35 ጊዜም ለሽልማት ታጨች።

የአን ሎው ቅድመ አያት በባርነት የኖሩ ሴት ነበሩ። አያቷና እናቷ ግን በመርፌአቸው የታወቁ ልብስ ሰፊዎች ሆነው ለአላባማ ባለጸጎች ይሠሩ ነበር። አን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከወለል ላይ የሐር ቍራጭ እየለቀመች አበባ ትሠራ ነበር፤ ኋላም ሥራዋ ሁሉ የሚታወቀው በዚሁ የጨርቅ አበባ ነው። በ1914 እናቷ የክፍለ ሀገሩ ገዥ ሚስት ያዘዟቸውን የግብዣ ቀሚሶች ሳይጨርሱ በድንገት ሞቱ። የ16 ዓመት ልጅ የነበረችው አን ሐዘኗን ችላ አራቱን ቀሚሶች ጨርሳ አስረከበች።

በ1917 በኒው ዮርክ ወደ ነበረ የልብስ ንድፍ ትምህርት ቤት ገባች። ጥቍር በመሆኗ ምክንያት ከሌሎች ተማሪዎች ጋራ እንዳትቀመጥ ተደርጋ ለብቻዋ በአንድ ክፍል ተማረች። ይሁን እንጂ የእርሷ ሥራ ለነጮቹ ተማሪዎች ምሳሌ ሆኖ ይታይ ነበር። ትምህርቷን ከተወሰነው ጊዜ አስቀድማ ጨርሳ በፍሎሪዳ በታምፓ ከተማ ብዙ ሠራች፤ በ1928 ወደ ኒው ዮርክ ተመለሰች። በዚያም ለአሜሪካ ታላላቅ ቤተ ሰቦች ሴቶች ልጆች የሙሽራና የግብዣ ልብስ ትሠራ ጀመር። ብዙ ጊዜ ግን የምትሠራው በሌሎች ቤቶች ስም ነው።

አንባቢ ሆይ፤ የሚከተለውን ልብ በል። በ1947 ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ የተባለችው ተዋናይት የዓመቱ ታላቅ ተዋናይት ተብላ ኦስካር ስትቀበል የለበሰችው አበባ በእጅ የተሣለበት ቀሚስ የአን ሎው ሥራ ነበረ። በቀሚሱ ውስጥ የተሰፋው ስም ግን የሌላ ሰው ነው። በ1950 ይህችው ተዋናይት በሠራችበት «ዘ ኤረስ» በተባለው ፊልም ልብስ ምክንያት ኤዲት ሄድ ከጊል ስቲል ጋራ የመጀመሪያ ኦስካሯን ተቀበለች። አንዲት ተዋናይት በሦስት ዓመት ውስጥ የሁለት ታላላቅ ባለሙያዎችን ልብስ ለበሰች። የአንዷ ስም በዓለም ተሰማ፤ የሌላይቱ ግን ተሰፍቶበት ሊገኝ ከሚገባው ቦታ እንኳ ታጣ።

ከዚህ የከፋው በ1953 መጣ። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑትን ጆን ኬኔዲን ለማግባት የተዘጋጁት ዣክሊን ቡቪዬ የሙሽራ ቀሚሳቸውን በአን ሎው አሠሩ። ለቀሚሱ 50 ያርድ ሐር ገባ፤ ሥራውም ሁለት ወር ያህል ፈጀ። ሠርጉ ዐሥር ቀን ሲቀረው በሥራ ቤቱ የውሃ ቧንቧ ፈነዳና ከ15 ቀሚሶች መካከል የሙሽራይቱን ጨምሮ 10 ተበላሹ። አን ሎው ለደንበኞቿ አንድ ቃል ሳትናገር አዲስ ሐር ገዝታ፣ ረዳት ሰፊዎች ጨምራ፣ ሌሊትና ቀን ሠርታ በቀኑ አደረሰች። 700 ዶላር ታተርፋለች የተባለው ሥራ 2,200 ዶላር አከሰራት። ቀሚሶቹን ይዛ በደረሰች ጊዜ በጓሮ በር ግቢ ብትባል፣ በፊት በር ካልገባሁ ልብሱን ይዤ እመለሳለሁ ብላ በፊት በር እንደ ገባች ይነገራል። ሠርጉን ጋዜጦች ሁሉ አወሩለት፤ ቀሚሱም በዓለም ታወቀ። የሠሪዋን ስም ያነሣ ግን እጅግ ጥቂት ነበረ።

የአን ሎው ችግር የዘር መድልዎ ብቻ አልነበረም። መርፌዋን የሚስተካከል ባይኖርም የሒሳብ መዝገቧ ደካማ ነበረ። ባለጸጎቹ ደንበኞች በዋጋ ሲከራከሯት ትሸነፋለች፤ ብዙ ጊዜም ከወጪዋ በታች ትሸጣለች። በ1962 ያልተከፈለ የመንግሥት ግብር ተከማችቶባት የሥራ ቤቷን አጣች፤ በዚያው ዓመት ከሕመም የተነሣ አንድ ዐይኗ ወጣ። ስሙን ያልገለጠ ሰው ዕዳዋን ከፍሎላት እንደገና መሥራት ጀመረች፤ በ1968ም በማዲሰን ጎዳና ሱቅ ከፈተች። ዎርዝ የራሱን ቤት ከመክፈቱ በፊት 20 ዓመት ያህል በነጋዴ ቤት ሒሳብ መማሩ ምን ያህል እንደ ጠቀመው የሚታወቀው ከዚህ ጋራ ሲነጻጸር ነው። ነገር ግን ዎርዝን በጓሮ በር ግባ ያለው አልነበረም፤ ስለዚህ ሒሳቡ ብቻውን ልዩነቱን አይገልጠውም።

ኤዲት ሄድና አን ሎው ሁለቱም በ1981 ዐረፉ። አንደኛይቱ 8 የወርቅ ሐውልት ትታ ሄደች፤ ሁለተኛይቱ አንድም አልነበራትም። ታሪክ ግን ቀስ እያለ ዕዳውን መክፈል ጀምሯል። የአን ሎው ልብሶች በዋሺንግቶን የጥቍር አሜሪካውያን ታሪክ ቤተ መዘክር ይታያሉ፤ በ2023ም ዊንተርቱር የተባለው ቤተ መዘክር ሥራዎቿን ሰብስቦ ትልቅ ኤግዚቢሲዮን አዘጋጀላት።

በ2019 ደግሞ ሩት ካርተር የተባለች ጥቍር አሜሪካዊት «ብላክ ፓንተር» ለተባለው ፊልም በሠራችው ልብስ ኦስካር ተሸለመች፤ በዚህ ሙያ ከጥቍር ሰዎች የመጀመሪያዋ ነች። በ2023 እንደገና ተሸለመች። ሩት ካርተር ሥራዋን የጀመረችው በዩኒቨርሲቲ ቴያትርና በኦፔራ ቤት ልብስ ክፍል ነው። ስለ ማልኮም ኤክስ ለተሠራው ፊልም ልብስ ስትነድፍ ሰውዬው የታሰሩበትን ዘመን መዝገብ ሳይቀር ፈልጋ አንብባለች። ለ«ብላክ ፓንተር» ደግሞ የሌሶቶን ብርድ ልብስ፣ የዙሉ ሴቶችን ባርኔጣ፣ የናሚቢያን የሂምባ ሕዝብ አለባበስ አጥንታለች። በፊልሙ የሚታየው የከንፈር ገልም በአገራችን የሙርሲና የሱርማ ሴቶች የሚታወቁበት ጌጥ ነው። እንግዲህ እኛ በየዕለቱ የምናየውንና አንዳንዴም የምንንቀውን ሌላው ተምሮበት ይሸለምበታል ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች ምን ይነግረናል? በአገራችን ሴቷ ትፈትላለች፤ ሸማኔው ከጕድጓዱ ተቀምጦ ይሸምናል፤ ጥበቡን ያወጣል፤ ልብሱም ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ሌላው ገበያ ይሄዳል። ገዢው የነጋዴውን ሱቅ ያውቃል፤ ሸማኔውን ግን አያውቀውም። በ2007 ኢትዮጵያዊቷ ሞዴል ሊያ ከበደ ለምለም የተባለ የልብስ ድርጅት አቋቁማ የአገራችን ሸማኔዎች የሠሩትን ልብስ በውጭ አገር ገበያ ማቅረቧ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን የድርጅት ስም መታወቅ አንድ ነገር ነው፤ የሠሪው ስም መታወቅ ሌላ ነገር ነው። ከዎርዝ ቤት 1,000 ሴቶች ይህን ልንማር ይገባናል።

ስለዚህ ከመካከላችን በልብስ ጥበብ ለመተዳደር የሚያስብ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር፣ በመጀመሪያ ከአንድ ሸማኔ ወይም ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ጨርቅን በእጁ ይወቅ። ሥዕልና ታሪክ ይማር፤ የሌላውን ንድፍ የራሴ ነው አይበል። የሒሳብ ትምህርት ለነጋዴ ብቻ ነው ብሎ አይናቅ፤ የክሩን ዋጋ፣ የሰዓቱን ዋጋ፣ የረዳቱን ደመወዝ በደብተር ጽፎ ከዚያ በታች አልሸጥም ለማለት ይድፈር። ሥራውን ሲያስረክብም በፊት በር ይግባ። ወላጆቻችንም ልጃቸው መርፌ ሲያነሣ በትምህርቱ የወደቀ አድርገው አይመልከቱት።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የባለሙያን ስም ግን የሚያወጣው ሥራው ነው፤ የሚጠብቀው ደግሞ ሥራውን የሚለብሰው ሰው ነው። የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ለማክበር በተዘጋጀው በዚህ መጽሔት ላይ በየጽሑፉ ራስጌ የጻፈው ተማሪ ስም ታትሟል፤ ማንም ይህን እንደ ትዕቢት አይቈጥረውም። ለበዓሉ የምንለብሰውን ነጭ ልብስ የሸመነው ሰው ግን ማን ይባላል? ልብሱን ስንገዛ ይህን ብንጠይቅ ነጋዴው መልሱን መያዝ ይጀምራል፤ ነጋዴው መልሱን ሲይዝም የሸማኔው ልጅ የአባቱን ሙያ በክብር ይጠራል።